የድስቱ ግርጌ

ሙልታን፣ ኦክቶበር 29 ቀን 1995 እ.ኤ.አ.

ለውድ ልጄ ለኢርሻድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አንተ፣ ባለቤትህና ሁለቱ ሴቶች ልጆችህ በዚያ በበረዶ አገር እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፤ ምላሴ ግን ከምታውቀው አልቀነሰም። የዒዱ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጽሕፈትህ ዛሬም አልተሻሻለም፤ የቃሉን መጨረሻ ፊደል ጭራ እስከ ታችኛው መስመር ድረስ ትጎትተዋለህ። ልጅ ሳለህ በእንጨት ሰሌዳው ላይ እጅህን ይዤ ሳስጽፍህ፣ «ይሄ ፊደል ነው ወይስ የአይጥ ጭራ?» እያልኩ ስንቴ ቆነጠጥኩህ! አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ «የአጎቴ ልጅ፣ ተይው፤ ጣቱን ልትነቅይው ነው» ይለኝ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ፤ ተናድጃለሁ። አባትህ ዛሬ ያንተ የሆነውን «ጉልዛር» የሠርግ አዳራሽ ከከፈተ ጀምሮ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሠርገኛው እንደወጣ የተረፈው ብርያኒ፣ ያ ሥጋ ያለበት የቅመም ሩዝ፣ በአህያ ጋሪ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ከሼኹ መቃብር ቅጥር ጥግ ሰሌን ዘርግቼ የጡብ ምድጃ ሠራተኞቹን፣ ባልቴቶቹን፣ መንገደኛውን አበላለሁ። የሰው እጅ የነካው ትራፊ አይደለም። ከድስቱ ያልወጣ ምግብ ነው። ወጥ ቤቱ ቡታ ፊቴ ቆሞ አንድ ጉርሻ ሳይጎርስ ጋሪው ተነቃንቆ አያውቅም፤ አባትህ ያወጣው ደንብ ነው።

አሁን ሁለት ሐሙስ ጋሪዬ ባዶውን ተመለሰ። የአዳራሹ ኃላፊ ላቲፍ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ ሱግራ፣ ይመለሱ» አለኝ።

«ምን ሆናችሁ? ሠርጉ ጠፋ?»

«ሠርጉማ አለ። የካናዳ ትእዛዝ ነው።»

«ታዲያ ሩዙን ካናዳ ልትልኩት ነው?»

ሳቀብኝ። ሰሌኔ ላይ ዘጠና ሰው ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ባዶ እጅ መሄድን ለጠላቴም አልመኝም። ልጄ፣ ላቲፍ ስምህን እየነገደበት ይመስለኛል። ሁለት መስመር ጻፍለትና አሳፍርልኝ።

አላህ ከክፉ ዓይን ይጠብቅህ።

አክስትህ ሱግራ


ሚሲሳጋ፣ ካናዳ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1995

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሱግራ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። የአላህ ሰላምና በረከት በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። ለጉልበትዎ ቅባት በሰው ልኬያለሁ። ምግብ ቤቱ ሥራ በዝቶበት መልሴ ስለዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አክስቴ፣ ላቲፍ አልዋሸም። ትእዛዙ የኔ ነው። ባለፈው ክረምት አገር ቤት በሌላ ከተማ አንድ የአዳራሽ ባለቤት የተረፈውን ወጥ ለየቲሞች ቤት ሰጠ። ልጆቹ ሆዳቸውን ታመሙ። ወጡ ይሁን ውኃው ማንም ሳያጣራ ፖሊስ ሰውየውን ከሱቁ ጎትቶ ወሰደው። ጠበቃዬ በግልጽ ነገረኝ፤ እዚያ አገር በንጹሕ ኒያ የሰጠን ሰው የሚከልል ሕግ የለም። ሰደቃ ሰጥቶ ወንጀለኛ መሆን አለ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ወስኛለሁ። አንደኛ፣ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለውን ወረቀት ቢፈርሙልኝ ሩዙ እንደ ድሮው ይመጣልዎታል። ከአዳራሹ ምግብ በልቶ ለታመመ ሰው ሁሉ በሕግ ተጠያቂዋ እርስዎ ብቻ ነዎት ይላል፤ እንዲያው ለወጉ ነው። ሁለተኛ፣ እስኪፈርሙ ድረስ ሰው በጓሮ እየሰረቀ በልቶ ጣጣ እንዳያመጣብኝ፣ ከሠርግ በተረፈው ሁሉ ላይ ቡታ ፌኒል እንዲያፈስበት ላቲፍን አዝዣለሁ። ያ ሽንት ቤት የሚታጠብበት መድኃኒት ከገባበት ማንም አይነካውም።

እንደሚረዱኝ አምናለሁ። የእህቴ ልጅ ሠርግ እንዴት እንደነበር ይጻፉልኝ።

ታዛዥዎ ኢርሻድ


ሙልታን፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1995

ኢርሻድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ቅባቱ ደርሷል። ጉልበቴ ለቅባት ጊዜ የለውም፤ ከላቲፍ በር እስከ ቤቴ ስመላለስበት ከርሜያለሁ።

ደብዳቤህን አምስቴ አነበብኩት። ሩዝ ላይ ፌኒል! ሱብሐነላህ! አንድ ፍሬ ሩዝ መሬት ላይ ሲወድቅ አንስቶ ስሞ ግንባሩ ላይ የሚያስነካ ሰው ልጅ ነህ እኮ።

የእህትህ ልጅ ሠርግ እንዴት ነበር አልከኝ? ልንገርህ። በጉልበቴ ምክንያት ስለቀረሁ የዘመድ ድርሻዬ በጨርቅ ታስሮ ቤቴ መጣልኝ፤ ብርያኒውም፣ ጣፋጩ ቢጫ ሩዝም። ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ የሽቶ ውኃው ይሸታል። ምግቡን እንደያዝኩ፣ የድሆቹን ድርሻ ልጠይቅ በጋሪዬ አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። ጓሮ ስገባ ቡታ በዚያው ድስት ላይ የፌኒሉን ቆርቆሮ ይደፋል። እያለቀሰ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው ቡታ?»

«እትዬ፣ እጄን ይቁረጡልኝ። ሠላሳ ዓመት ቅመም የበተንኩበት እጅ ነው። እምቢ ብል ላቲፍ አባርርሃለሁ አለኝ፤ አምስት ልጆች አሉኝ።»

ላቲፍን ጠራሁት። «ይህ የኔ ድርሻና ያ ድስት አንድ አይደለም?»

«አንድ ነው።»

«ታዲያ እኔን ቢገድለኝስ?»

«እርስዎማ ዘመድ ነዎት! ዘመድ ዘመዱን አይከስም» አለኝ፣ ጥርሱን እያሳየ።

ሰማህ? የድሃ ሆድ ነው አደገኛው። የኔ ሆድ በደም የተዛመደህ ስለሆነ ብመረዝም ችግር የለውም። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ!

ሌላም አለ። አማችህ ከካናዳ ሲመለስ ጋዜጣ አሳየኝ። ካባ የመሰለ ኮት ለብሰህ፣ ከምግብ ቤትህ የተረፈውን ለቤት አልባዎች ስለምትሰጥ የምስጋና ሰሌዳ ስትቀበል። ፈገግታህ ያምር ነበር። እዚያ ለፈረንጅ ድሃ ሰሌዳ፣ እዚህ ለእናትህ አገር ድሃ ፌኒል? በምን ሒሳብ ነው?

ወረቀትህን አልፈርምም። የሰው ዕድሜና ጤና በአላህ እጅ ነው፤ እኔ ዋስ የምሆንበት ነገር አይደለም።

አሁን ግን ይህን በደንብ ስማኝ። ድስት አጣቢዋን ጃንቶን ታውቃታለህ፤ ባሏ ዓይነ ስውሩ አላህ ወሳያ በልጅነትህ ዋሽንት ይነፋልህ የነበረው ነው። ድስቱ ግርጌ ላይ የሚጣበቀው ሩዝ የአጣቢዋ መብት ነው። ከአባትህ ዘመን ጀምሮ ደሞዟ እሱ ነው፤ ያንን ማንም አይከለክላትም፣ እሷም የምትተወው ነገር አይደለም። አንድ ቀን ትበላዋለች። አልሰማሁም እንዳትለኝ፤ ነግሬሃለሁ። አስቁመው።

ሱግራ


ሚሲሳጋ፣ ጃንዋሪ 8 ቀን 1996

ለአክስቴ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም፤ ነገር ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ተናድጃለሁ።

በምን ሒሳብ ነው ብለውኛል። በሕግ ሒሳብ ነው! እዚህ አገር ምግብ በቅን ልብ የሰጠ ሰው፣ የበላው ቢታመም እንኳን አይከሰስም። የሚጠየቀው ምግቡ እንደሚጎዳ እያወቀ ደንታ ያልሰጠው ብቻ ነው። ይህ ስላለ በነጋ በጠባ እሰጣለሁ፣ እንቅልፌንም እተኛለሁ። እዚያ እንዲህ ያለ ከለላ አሳዩኝና ነገ አሥር ድስት እሰጣለሁ።

ደግሞ እርስዎ ይረሱታል? በሙሐረም ወር አባቴ ለመንገደኛው ያስቀዳው ጣፋጭ መጠጥ፣ ሸርበቱ፣ ሆድ አሳመመ ተብሎ በካቴና በገበያው መሐል ሲጎትቱት እርስዎ ጣሪያ ላይ ሆነው አላዩም? እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥምጣሙ ወድቆ ሰው ሲረግጠው አይቻለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ፤ ግድ የለም። ልጆቼ እኔን እንደዚያ አያዩኝም።

ስለ ጃንቶ ያሉኝን አይቻለሁ። ላቲፍ ግድግዳው ላይ «ይህ ምግብ መርዝ አለበት» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። ከዚያ ወዲያ የሚበላ ሰው ለራሱ ይጠየቅ። ፌኒሉ ይቀጥላል።

ኢርሻድ


ሙልታን፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1996

ኢርሻድ፣

አላህ ወሳያ ሞቷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለሦስተኛው ቀን ዱዓ ተሰብስበን ሳለን ነው። ለቀስተኞቹ መሐል ቁጭ ብዬ «ማስታወቂያ ለጥፏል» የምትለዋን አነበብኩ። ጃንቶ ማንበብ ትችላለች? ባሏስ ዓይን ነበረው?

የሆነውን ላስረዳህ። ከረመዳን በፊት በነበረው ሐሙስ የአንድ ነጋዴ ሠርግ ነበር። ቡታ እንደታዘዘው ቆርቆሮውን ደፋ። ጃንቶ ድስት ልታጥብ ገባች። ላዩ ተበላሽቷል አለች፤ ላዩን ጠርጋ ጣለች። ግርጌውን ፍቃ ወሰደችው። ሽታውን አልሸተትሽም ወይ ብዬ ስጠይቃት «የሠርግ ሩዝ ሁሌም ሽቶ ውኃ ይረጭበታል፤ የሀብታም ሠርግ ነው፣ አብዝተውበት ነው አልኩ» አለችኝ። ከዚያ ቤቷ ወስዳ ቢስሚላህ ብላ ሦስቴ አጠበችው። ሦስቴ በንጹሕ ውኃ።

«ጃንቶዬ፣ ለምን?» አልኳት።

«ነጃሳ፣ ርኩስ ነገር፣ የነካው ዕቃ ሦስቴ ከታጠበ ይነጻል ብለው እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?»

እኔ ነኝ። ሰሌኑ ላይ ሴቶቹን ሰብስቤ ያስተማርኩ እኔ ነኝ። ነጃሳ ነው ያልኳት፤ መርዝ አላልኳትም። ይህን ቃል ይዤ ነው የምቀበረው።

ለባሏ አብዝታ ሰጠችው፤ የሠርግ ምግብ ይወዳል ብላ። እሷ ጥቂት ቀምሳ አስመለሳት፤ እሱ ቅዳሜ ጠዋት ሳንባው ተዘግቶ ሞተ።

አሁን ሌላውን ጉድ ስማ። ፖሊስ መጥቶ ቡታን ወሰደው። ላቲፍ «እኔ አላውቅም፤ ማንም አላዘዘውም፤ በደሞዝ ተጣልተን በክፋት ያደረገው ነው» ብሎ ፈረመ። ማስታወቂያውንም ከግድግዳው ቀዶ አንስቶታል። ቡታ በነፍስ ማጥፋት ታስሯል፤ ምናልባት ዕድሜውን እዚያው ይጨርሳል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸው ነው።

ከአንተ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። ለዳኛው «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ሩዝህንም አልፈልግም።

ሱግራ


ሚሲሳጋ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996

ለእናቴ፣ ለዓይኔ ብርሃን፣ ፊደል ላስቆጠሩኝ፣ ለቤተሰባችን ዋርካ ለወይዘሮ ሱግራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የአላህ እዝነት እንደ ዝናብ ይውረድልዎ። ጾምዎን ይቀበልልዎ፣ ዒድዎን ይባርክልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልን። ባለቤቴና ልጆቼ እጅዎን ይስማሉ። ትንሿ ልጄ «አያቴ መቼ ነው የምናያት?» እያለች ታስጨንቀኛለች።

የአላህ ወሳያን ሞት ሰምቼ አልቅሻለሁ። ዋሽንቱ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ቀደር ነው፤ አላህ የወሰነውን ማን ይመልሳል? አላህ ያውቃል፣ የኔ ኒያ ሰው እንዳይጎዳ ነበር።

እናቴ፣ ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ ሩዙ ይመጣልዎታል። ወረቀትም ፊርማም አያስፈልግም። ሙሉ ድስት ይሁን ብያለሁ፤ የተረፈ ሳይሆን ለእርስዎ ሰሌን ተብሎ የተሠራ። ለጃንቶም ጭቃ ጣሪያዋን አፍርሼ በጡብ አሠራላታለሁ። ለቡታ ጥሩ ጠበቃ ይፈለግለታል። የአምስት ልጆች አባት ስለሆነ ዳኛው ያዝንለታል።

አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። የኖቬምበሩንና የጃንዋሪውን ደብዳቤዎቼን ያቃጥሉልኝ። በንዴት የተጻፉ ናቸው፤ ለማያውቅ ሰው ሌላ ትርጉም ይሰጣሉ። አንዴ ከተቃጠሉ በኋላ በአማቼ በኩል ብቻ «ዳቦው ተጋግሯል» ብለው ይላኩልኝ፤ ይገባኛል።

እግርዎን የምስም ልጅዎ ኢርሻድ


ሙልታን፣ ማርች 18 ቀን 1996

ኢርሻድ፣

ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና፣ ወዐለይኩሙ ሰላም።

እንደ ሰንደልና ከርቤ የሚያውደውን ሰላምታህን አነበብኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ካናዳ ስትኖር አንድ ቀን «እናቴ» ብለኸኝ አታውቅም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐሙስ ዕለት ድስቱ መጣ። ሙሉ ድስት፣ ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ እንደታሸገ። ላቲፍ ራሱ ጋሪውን እየመራ። ሰሌኑ ላይ የተቀመጠው ሰው ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ጃንቶ ከመሐላቸው ተነስታ ወደ ላቲፍ ሄደች። «ቡታ ይቅመሰውና እንበላለን» አለችው። ላቲፍ «ቡታማ እስር ቤት ነው» አለ። «እንግዲያው አንተ ቅመሰው» አለችው። አልቀመሰውም! ምንም የሌለበትን ሩዝ ፈራው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነስተው ሄዱ። ርቧቸው ሄዱ። ጋሪው እንደመጣ ተመለሰ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎችህን ከሣጥኑ አወጣሁ። ክብሪትም አጠገቤ አስቀመጥኩ። አልዋሽህም፣ ብዙ ተቀመጥኩ። ጣሪያው ላይ ነበርኩ ኢርሻድ፤ አባትህን ሲጎትቱት አይቻለሁ፣ አንተንም ባዶ እግርህን ስትሮጥ። ጥምጣሙን ከመሬት ያነሳሁት እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ረስተሃል። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሁለት ቀን ተቀምጦ አባትህን ያስፈታው ማን ነው? ሸርበቱን የጠጣው ሰው ነው። ሆዱን ይዞ «ሰውየው ደግ ነው፣ ልቀቁት» እያለ። አባትህ ከዚያ በኋላ መስጠት አልተወም፤ መቅመስ ጨመረ። አንተ ከዚያ ቀን ካቴናውን ብቻ ይዘህ አደግህ።

ሕጉ ያልከው እውነት ነው፤ እዚህም ቢኖር በወደድኩ። በቅን ልብ የሚሰጥ ሰው መፍራት የለበትም። ይህንኑ ለዳኛውም ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ያንተ ሕግ ራሱ፣ በራስህ ጽሕፈት፣ «እንደሚጎዳ እያወቀ ደንታ ያልሰጠው ይጠየቃል» ይላል። እኔ በዲሴምበር ጻፍኩልህ። አንተ በጃንዋሪ «ፌኒሉ ይቀጥላል» ብለህ መለስክልኝ። ለመስጠት ከለላ አጥተህ ነበር፤ ለመርዙ ግን ከለላ አልፈለግህም።

ክብሪቱን መልሼ ኩሽና አስቀመጥኩትና ሰኞ ዕለት ፍርድ ቤት ሄድኩ።

የላቲፍ ጠበቃ ደብዳቤዎቹን አየና ሳቀ። «ማንም ሊጽፈው ይችላል። ባለቤቱ ካናዳ ነው፣ ይህ የእሱ እጅ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» አለ። ቡታ በካቴና ቆሞ ያየኛል። ሰውነቱ አልቋል፤ አምስቱም ልጆቹ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ዳኛው ወደ እኔ ዞረ።

«እናቴ፣ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«የኢርሻድ ነው። የአባቴ ወንድም የልጅ ልጅ ነው።»

«በምን አወቁ?»

ወረቀቱን አስጠጋሁለት። ጭራዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ አሳየሁት፤ እስከ ታችኛው መስመር የወረዱትን። «ይህን እጅ ይዤ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ጭራ ላስቆርጠው ታገልኩ፤ እምቢ አለኝ» አልኩት። እዚያው ፊታቸው አለቀስኩ። ለቡታ አይደለም ያለቀስኩት፣ ላንተ ነው።

ቡታ በዋስ ወጥቷል። ላቲፍ በእሱ ቦታ ገብቷል፤ ያንተም ስም መዝገቡ ላይ ሰፍሯል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ጸሐፊው ቃሌን ጽፎ አነበበልኝና ከታች ያለውን መስመር አሳየኝ። ለሰጠሁት ቃል ተጠያቂዋ እኔ ነኝ ይላል። እንድፈርምልህ ለምነኸኝ አልነበር? ፈረምኩ።

የቀድሞ አስተማሪህ ሱግራ